ፎርሙ ነው ያልተማረው

ባለፈው ዓመት አንድ ሥራ አመለጠኝ። ፈተናውን ወድቄ አይደለም፤ የፈተናው ክፍል ስላልገባሁ ነው። አርፍጄም አይደለም፤ ከሰዓቱ 40 ደቂቃ ቀድሜ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። "ታዲያ ምን ሆነሽ?" ካላችሁኝ መልሴ ያስቃል። ሥራውን ያሳጣችኝ በአያቴ ስም መካከል ያለች አንዲት ክፍት ቦታ ናት። አዎ፣ ምንም ያልተጻፈባት ባዶ ቦታ!

ነገሩ እንዲህ ነው። (የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ የእሱ ጉድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ።) ማስታወቂያው "ምዝገባ በኢንተርኔት ብቻ" ይላል። ደስ አለኝ። ፀሐይ ላይ ከመሰለፍ፣ የኮፒ ኮፒ ከማስነሳት ተገላገልኩ ብዬ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ፎርሙ የእኔን ስም ተቀበለ። የአባቴንም ተቀበለ። አያቴ ግን ወልደ ገብርኤል ናቸው። ዲግሪዬ ላይ እንደ ብዙዎቻችን በእዝባር "ወ/ገብርኤል" ተብሎ ነው የተጻፈውና እንደዚያው ሞላሁት። ወዲያው ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ "ልክ ያልሆነ ምልክት"። እሺ ብዬ እዝባሯን አነሳኋትና ስሙን ዘርዝሬ፣ መሀሉን ክፍት አድርጌ ጻፍኩት። ተቀበለኝ። "በተሳካ ሁኔታ ተመዝግበዋል" አለኝ። እኔም አመንኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የፈተናው በር ላይ የቆመው ሰው በእጁ የያዘውን ዝርዝር አየና መታወቂያዬን መለሰልኝ።

"እህቴ፣ ስሙ አይመሳሰልም። እዚህ ያለው 'ወልደ' ብቻ ነው።"

"ወንድሜ፣ ሲስተሙ ቆርጦት ነው እንጂ እኔ ሙሉውን ነው የጻፍኩት።"

"ታዲያ ስትሞይ በትክክል አትሞይም ነበር?"

በቃ። ሌላ ነገር አልተባልኩም። በዚያ ሰው ላይ አልፈርድም፤ ከፊቱ ያለውን ወረቀት ከማየት በቀር ሥልጣን የለውም። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። "ስትሞይ በትክክል አትሞይም ነበር?" በዚህ ከተማ በኢንተርኔት አንድ ነገር ለመሙላት ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው ሁሉ በመጨረሻ የሚሰማው ይህንኑ ነው። ዴቨሎፐሮቹ በራሳቸው ቋንቋ "ዩዘሩ አይችልም" ይሉታል። ኃላፊዎቹ ደግሞ ክራቫታቸውን አስተካክለው "ሕዝባችን ለቴክኖሎጂ ገና ነው" ይላሉ።

እኔ ደግሞ እንዲህ እላለሁ። ሕዝቡስ ተምሯል፤ ያልተማረው ፎርሙ ነው።

ፎርም ቃለ መጠይቅ ነው

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ ከምንጨብጣቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ የጠየቀ ሰው መልሱን የመቀበል ግዴታ አለበት። አንድ አባት ዘንድ ሄጄ "ስንት ልጆች አሉዎት?" ብዬ ጠይቄ፣ እሳቸው "ሰባት" ሲሉኝ "ይቅርታ፣ ከአራት በላይ አልጽፍም፤ አስተካክለው ይንገሩኝ" ብላቸው ያሳፍራል። ፎርም ማለት እንግዲህ ጠያቂው ቤት የሌለበት ቃለ መጠይቅ ነው። ጠያቂው የለም ማለት ግን ኃላፊነቱ የለም ማለት አይደለም። እንዲያውም ይብሳል፤ ተጠያቂው የሚያስረዳው ሰው የለውማ!

ነገሩ አዲስ ጥበብ ቢሆን ምክንያት ይገኝለት ነበር። ግን አይደለም። ሳጥንና ምርጫ፣ ከታች ደግሞ የመላኪያ ቁልፍ ያለው ፎርም በድረ ገጽ ቋንቋ (ኤችቲኤምኤል) ይፋዊ ደንብ ውስጥ የገባው ሁለተኛው ዕትም በኖቬምበር 1995 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ነው። ማለትም የኢንተርኔት ፎርም በዕድሜ እኔን ይበልጠኛል። አሠራሩም ምሥጢር የለውም። ቁልፉን ስትጫኑ ብሮውዘሩ የጻፋችሁትን ጠቅልሎ ወደ ሰርቨር ይልካል። ሰርቨሩ ይቀበላል፣ ይመረምራል፣ ያስቀምጣል፣ ከዚያም መልስ ይሰጣል። አራት ሥራ ነው። የእኛ ፎርሞች በአራቱም ቦታ ሰው ይጥላሉ።

ሩት የምትባል ልጅ የለችም?

ከስም እንጀምር። ገጹ በአማርኛ ነው። ስምሽን በአማርኛ ሙይ ይልሻል። "ሩት" ብለሽ ትጽፊያለሽ። "ስም ከ3 ፊደል ማነስ የለበትም" ይላል! በእንግሊዝኛ ሲጻፍ 4 ፊደል የሆነው ስም በእኛ 2 ፊደል ነው። ሳባም፣ ሊያም፣ ቤዛም እንደዚሁ። ያንን ሕግ የጻፈው ሰው እህት ወይም የክፍል ጓደኛ የለውም እንዴ? አለው። ሕጉን ግን እሱ አላሰበውም፤ ከሌላ ቦታ ቀድቶ ነው የለጠፈው።

"የመጨረሻ ስም" እና "የቤተሰብ ስም" የሚሉት ሳጥኖችም ከዚያው የመጡ ናቸው። እስቲ ወደኋላ ሂዱና የድሮውን የቀበሌ ወረቀት አስታውሱት። "ስም ከነአያት" ይል ነበር። አንድ ረጅም መስመር፣ ከላዩ ነጠብጣብ፣ አለቀ። ወልደ ገብርኤልም ይገባበታል፣ ገ/መድኅንም ይገባበታል፣ ሩትም ትገባበታለች። መስመሩ ቢያጥር እንኳ ጸሐፊዋ ከጎኑ ጠጋ አድርጋ ትጽፈዋለች። ያ አቧራ የጠገበ ወረቀት ማን እንደሆንን ያውቅ ነበር። ድረ ገጹ መጣና አላውቃችሁም አለን። ይህን ነው "ማዘመን" የምንለው?

የቤተሰብ ስም የለንም። ሚስት የባሏን ስም አትወስድም። አባትና ልጅ በአንድ "መጨረሻ" አይጠሩም። ይህ ጉድለት አይደለም፤ የስም አሠራራችን ነው። ሳጥኑ ይህን አልቀበል ሲል የሚቆረጠው ሰው ነው። ከኢንተርኔት ፎርም በፊትም እንዲሁ ነበር። በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወስደዋል። ከእነሱ በፊትም በኋላም ለሄዱት ብዙዎች ምዝገባው የቤተሰብ ስም ስለሚፈልግ የአያት ስም የቤት ስም ሆኖ ተጻፈ፤ ለብዙ ልጆችም በዚያው የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። አሜሪካም ብንሄድ ፓስፖርቱ ላይ አንድ ስም ብቻ ያለው ሰው ቪዛው ላይ "ኤፍኤንዩ" ተብሎ ይጻፍለታል፤ "የመጀመሪያ ስሙ አይታወቅም" ለማለት። ሰውየው እኮ ስሙን ያውቀዋል! የማያውቀው ሳጥኑ ነው።

እነሱስ ይሁን፤ የራሳቸውን አገር ሰው አስበው ነው የሠሩት። እኛ ምን ሆነን ነው በገዛ አገራችን፣ በገዛ ፊደላችን፣ ለገዛ ሕዝባችን የውጭ አገር ሳጥን የምንሰፋው?

የካቲት 30 ስንት ነው?

አንድ ፎርም የወራቱን ስም በአማርኛ ደርድሮ ሲያገኙት ደስ ይላል። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር... ከዚያ የልደት ቀናችሁን የካቲት 30 ብላችሁ ስትሞሉ "እንዲህ ያለ ቀን የለም" ይላል። ለምን? የውስጡ ስሌት የፈረንጅ ነው፤ ከላይ ብቻ "ፌብሩዋሪ" የሚለውን ፍቀው "የካቲት" ለጥፈውበታል። የእኛ የካቲት ግን እንደ አሥራ ሁለቱም ወሮች ሙሉ 30 ቀን አለው፤ የካቲት 30 ደግሞ ማርች 9 ላይ ነው የሚውለው። የባሰውን ልጨምርላችሁ? እንዲህ ባለው ፎርም ውስጥ ጳጉሜን የለችም። 12 ሳጥን ላይ 13ኛ ወር ከየት ይምጣ! ጳጉሜን 6 ቀን 1995 ዓ.ም. የተወለደ ወጣት ዛሬ ሥራ ፈላጊ ነው። ምን ብሎ ይሙላ? ይዋሽ?

ይዋሻል። ሁላችንም እንዋሻለን። "መስከረም 1" ብሎ ሞልቶ ያልፋል። ከሦስት ዓመት በኋላ አንዱ መዝገብ ከሌላው ጋር ሲተያይ "የልደት ቀንህ አይመሳሰልም" ይባላል። "ስትሞላ በትክክል አትሞላም ነበር?"

ስልክም እንደዚሁ ነው። ሳፋሪኮም በ2022 እ.ኤ.አ. አገልግሎቱን ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ቁጥር አለ። አሁንም ከ09 ውጪ ያለን ቁጥር "የተሳሳተ ስልክ" የሚሉ ገጾች ገጥመውኛል። አንዱ +251 ብለህ ጀምር ይላል፣ አንዱ 0 አታስገባ ይላል፣ አንዱ በቁጥሮቹ መሀል ክፍት ቦታ ካየ ይቆጣል። ወዳጆቼ፣ ክፍት ቦታ መፍቀቅና 09ን ወደ +2519 መቀየር ለኮምፒውተር የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ኮምፒውተር የተፈጠረው እንዲህ ያለውን አሰልቺ ሥራ ለሰው እንዲሠራለት ነው። እኛ ገለበጥነው፤ ሰውየው ለኮምፒውተሩ ይሠራለታል።

ቁልፉ ከተጫነ በኋላ

ይህ ሁሉ ከላይ የሚታየው ነው። ትልቁ ጉድ ያለው ግን ከቁልፉ በኋላ ነው።

ፎርሙን አንድ ሰዓት ፈጅታችሁ ሞላችሁ። ተጫናችሁ። ገጹ ይሽከረከራል... ይሽከረከራል... ኮኔክሽኑ ሄደ። ወይ መብራት ጠፋ። ስትመለሱ ሁሉም ሳጥን ባዶ ነው። ወይም ከ20 ሳጥን አንዷ ተሳስታ ሲመልሳችሁ 19ኙን አጥፍቶ ነው የሚመልሳችሁ። ፎቶው "ከ200 ኪሎባይት መብለጥ የለበትም" የሚለውን የሚነግራችሁም ከላካችሁ በኋላ ነው። ይህን በአካል የሚያደርግ ጸሐፊ ብታገኙ፣ አንድ ፊደል ስለተሳሳታችሁ ሙሉውን ወረቀት ቀዶ "እንደገና ጀምሩ" የሚል፣ ዝም ትሉታላችሁ? ሲስተም ሲሆን ግን ዝም እንላለን።

ደግሞ አለ፤ አልሄደም ብላችሁ ሁለቴ ስትጫኑ ሁለት ጊዜ ትመዘገባላችሁ። ከዚያ "ከአንድ ጊዜ በላይ የተመዘገበ ይሰረዛል" የሚል ሕግ ይጠብቃችኋል። የዚህ ፍርሃት ታሪካችን ረጅም ነው። ዲቪ በፖስታ መላኩ ቀርቶ በኢንተርኔት ብቻ የሆነው በ2003 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ላይ ነበር፤ በአንድ ዓመት ከአንድ በላይ ያስገባ ሰው ከዕጣው ውጪ ነው የሚለውን ደንቡንም ሁላችንም በቃላችን ይዘነው ነበር። ስንት ሰው ነው "ገባ ወይስ አልገባም?" እያለ፣ ድጋሚ መጫንም እየፈራ፣ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ያደረው?

መፍትሔው ዱሮ የተገኘ ነው። ፎርሙ ሲከፈት ሰርቨሩ እንደ ባንክ ወረፋ አንድ ድብቅ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በዚያ ቁጥር ሁለቴ ከመጣ አንዴ ብቻ ይቆጥረዋል። ከተቀበለ በኋላም "ደርሶናል" ወደሚል ሌላ ገጽ ይመራል፤ ያኔ ሰውየው ገጹን ቢያድሰው ፎርሙ ዳግም አይላክም። ይህ መምሪያ በድሩ ደንብ ውስጥ 303 የሚባል የራሱ ቁጥር አለው፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። እንግዲህ ዕውቀቱ ጠፍቶ አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ። ፎርም የሚላከው በሁለት መንገድ ነው፤ "ጌት" እና "ፖስት" ይባላሉ። በጌት ሲላክ የሞላችሁት ሁሉ ከላይ በአድራሻው መስመር ላይ ተዘርግፎ ይታያል፣ በብሮውዘሩ ታሪክ ውስጥም ይቀራል። ለፍለጋ ይሁን፤ "ሽሮ አሠራር" ብዬ መፈለጌን ማንም ቢያይ ግድ የለኝም። ለመታወቂያ ቁጥርና ለፓስዎርድ ግን ፖስት ነው። በዘፈቀደ በጌት የተሠራ ፎርም ኢንተርኔት ቤት ሄዳችሁ ከሞላችሁ፣ ከእናንተ በኋላ እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ሁሉንም ያገኘዋል።

"ፎርም እንሞላለን"

ኢንተርኔት ቤት ስል ትዝ አለኝ። "ፎርም እንሞላለን" የሚል ወረቀት ያልተለጠፈበት ሰፈር አለ? ድሮ ዲቪ ነበር፤ አሁን ፓስፖርቱም፣ የሥራ ምዝገባውም፣ የትምህርቱም ነው። በቅርቡ ካርድ ልገዛ ገብቼ አንዲት እናት ከጎረምሳው አጠገብ ተቀምጠው አየሁ።

"እናቴ፣ የቤተሰብ ስም ይላል። ማን ልበል?"

"የቤተሰብ ስም? ልጆቼ አምስት ናቸው፣ የትኛውን ልንገርህ?"

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ወጥቼ ስሄድ ግን ሳቁ መረረኝ። ልጁ የአባታቸውን ስም ሁለቴ ጽፎ አሳለፈው። ኢሜይል ሲጠይቅ የራሱን አስገባ። ስልክም የራሱን። የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚመጣው ወደ እሱ ነው፤ ፓስዎርዱን የሚያውቀው እሱ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሊረዳቸው ነው። ግን የእኚያ እናት ጉዳይ ከአሁን በኋላ በማያውቁት ልጅ ኪስ ውስጥ ነው ያለው። ነገ ስልኩን ቢቀይር ወይም ሱቁን ቢዘጋ ማንን ይጠይቃሉ?

"ማኅበረሰቡ ስላልተማረ ነው" አትበሉኝ። እኚያ ሴት ጥያቄውን በደንብ ነው የመለሱት። ቤተሰባቸውን ተጠየቁ፣ ስለ ልጆቻቸው ተናገሩ። ሞኙ ጥያቄው ነው።

የሚሉኝን አውቃለሁ

ዴቨሎፐር ጓደኞች አሉኝ። ይህን ሐሳብ ሳነሳባቸው የሚመልሱልኝ አራት መልስ ነው።

አንደኛ፤ "አንቺ ደግሞ! ኢንተርናሽናል ስታንዳርድ ነው እኮ።" አይደለም። የድሩን ደንቦች የሚያወጣው ደብልዩ ስሪ ሲ ራሱ የዓለም ሕዝብ ስም እንደማይመሳሰል የሚያስረዳ ጽሑፍ አለው፤ ስሙን መከፋፈል የግድ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ አስቀድማችሁ አስቡበት ይላል። የእንግሊዝ መንግሥት የዲዛይን መመሪያም ከቻላችሁ ለሙሉ ስም አንድ ሳጥን ብቻ አድርጉ ይላል፤ የቤተሰብ ስም ያለው አገር ነው እንግዲህ! ፓትሪክ ማኬንዚ የተባለ ፕሮግራመር ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. ፕሮግራመሮች ስለ ስም በስህተት የሚያምኗቸውን ነገሮች ዘርዝሮ ጻፈ፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ሰዎች ሁሉ የቤተሰብ ስም አላቸው የሚለው እምነት አለበት። ስታንዳርድ ያላችሁት ነገር ስታንዳርድ አይደለም፤ የቀዳችሁት ቴምፕሌት ነው።

ሁለተኛ፤ "እዝባሯን የከለከልነው ለሴኩሪቲ ነው።" ይህንንም አጣራሁ። ዳታቤዝን ከሰርጎ ገብ የሚጠብቀው ሰው የጻፈውን ከትእዛዙ ለይቶ ማስገባት ነው እንጂ የሰው ስም መከልከል አይደለም። አየርላንዶች "ኦ'ብራየን" የሚል ስም አላቸው፤ በስማቸው መሀል ያለችው ጭረት ስንት ፎርም አስለቅሳቸዋለች። መፍትሔው ስማቸውን መቀየር አልነበረም። ደግሞስ ምርመራውን ብሮውዘሩ ላይ ብቻ አድርጎ ሰርቨሩን ክፍት የተወ ሰው ስለ ሴኩሪቲ ምን አፍ አለው? ብሮውዘር ላይ ያለን ምርመራ ማንም ትንሽ የሚያውቅ ልጅ ያልፈዋል። በዚህ ዓይነት ሌባው ገብቶ ሩት ውጪ ትቀራለች።

ሦስተኛ፤ "ኔትወርኩ ነው።" አዎ፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። መብራትም ይጠፋል። ይህን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ማን ነው? ታዲያ ዝናብ እንደሚዘንብ እያወቀ ጣሪያ ሳይሠራ ቤት የሚያስረክብ ግንበኛ "ዝናቡ ነው" ይላል? የሞላነውን በየገጹ አስቀምጡልን። ተመልሰን ስንመጣ ካቆምንበት አስቀጥሉን።

አራተኛ፤ "ጊዜ አልሰጡንም፣ ክፍያውም ጥቂት ነው።" ይህን እቀበላለሁ። እውነት ነው። ስለዚህ የጽሑፌን ጫፍ ወደሌላ ላዙረው።

ይህን ሥራ ያዘዘው ማን ነው? የተረከበውስ? ሲመረቅ ሪባን ተቆርጧል፣ ፎቶ ተነሥቷል፣ "ዲጂታል ሆንን" ተብሏል። ከተጨበጨቡት እጆች ውስጥ ግን አንዱ እንኳ ፎርሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሱ ስም ሞልቶ አያውቅም። ሞልቶ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ይስተካከል ነበር፤ ከአለቆቹ አንዱ ኃ/ማርያም ወይም ገ/እግዚአብሔር ሳይባል አይቀርማ!

ጉዳዩም እያደር ይከብዳል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጁ (ቁጥር 1284/2015) ከወጣ ወዲህ ብዙ አገልግሎት ከፋይዳ ቁጥር ጋር እየተያያዘ ነው። ጥሩ ነው፤ እኔም ተመዝግቤያለሁ። ግን መዝገቦች እርስ በርስ መተያየት ሲጀምሩ አንድ ቦታ የተቆረጠ ስም ሌላ ቦታ የተዘጋ በር ይሆናል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁም (ቁጥር 1321/2016) ከመርሆቹ አንዱ ለዓላማው ከሚያስፈልገው በላይ መረጃ አለመሰብሰብ ነው። ታዲያ ለአንድ ቀን ሥልጠና ምዝገባ የእናቴን ስም፣ ሃይማኖቴንና የቤት ቁጥሬን በቀይ ኮከብ "የግድ ነው" ብሎ የሚጠይቀኝ ፎርም ምን ሊያደርገው ነው? የማያስፈልግ ጥያቄ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ይሰለቻል። የማያስፈልግ መረጃ የሚሰበስብ መሥሪያ ቤት ግን ያስፈራል።

የአሥር ደቂቃ ፈተና

ማማረር ብቻ እንዳይሆንብኝ አንድ ነገር ላቅርብ። አንድ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ከፍሎ ፎርም ሲረከብ፣ ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት እነዚህን አሥር ነገሮች ይሞክር።

1. "ሩት" ብሎ በአማርኛ ይሙላ።
2. "ወልደ ገብርኤል" ብሎ ከነክፍት ቦታው ይሙላ፤ ከዚያ ዝርዝሩን አትሞ ይይ።
3. "ገ/መድኅን" ብሎ ከነእዝባሩ ይሙላ።
4. "ኃይሌ" ብሎ አስገብቶ "ሀይሌ" ብሎ ይፈልገው። ፀሐይን በጸሎቱ "ጸ"ም ይሞክር። ካልተገኘ ሥራው አላለቀም።
5. የአያት ስሙን፣ ከቻለም የአባት ስሙን ባዶ ይተወው። አባቱን የማያውቅ ልጅ በዚህ አገር አለ፤ ፎርም ደግሞ ሊያሳፍረው አይገባም።
6. የልደት ቀኑን የካቲት 30 ያድርግ።
7. ከዚያ ጳጉሜን 6 ቀን 1995 ዓ.ም. ያድርግ።
8. በ07 የሚጀምር ስልክ፣ አንዴ በ+251 አንዴ በ0፣ በመሀል ክፍት ቦታ እያደረገ ያስገባ።
9. የመላኪያ ቁልፉን ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ይጫን። አንድ ምዝገባ ብቻ መገኘት አለበት።
10. ግማሽ ሞልቶ ዋይፋዩን ያጥፋው። ሲመለስ የሞላው ሁሉ መኖር አለበት።

ከዚያም የተቀመጠውን ስም ከዳታቤዙ አውጥቶ ያንብበው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ጭቅጭቅ ያኔ መፍትሔ አግኝቷል። ሆኖም ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ እስከ 8.0 ዕትሙ (2018 እ.ኤ.አ.) ድረስ ካልነገሩት በቀር የላቲን ፊደል ብቻ ነበር የሚጠብቀው፤ ባልተነገረው ላይ የተቀመጠ የአማርኛ ስም "?????" ሆኖ ይቀራል። አሮጌ ሲስተም ላይ አዲስ ቀለም የተቀባበት ቤት ሁሉ ይህን ይፈትሽ። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሲጻፍ 3 ባይት ይወስዳል፤ 30 ባይት የተሰጠው ሳጥን ለእንግሊዝኛ 30 ፊደል ይበቃል፣ ለእኛ 10 ብቻ። "ስምዎ ረዝሟል" ሲሏችሁ ስማችሁ አልረዘመም፤ ሳጥኑ ነው ያጠረው።

አሥሩም ፈተና አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በቀላሉ የሚሠራ ነገር ነው። ያልተሠራው ከባድ ስለሆነ ሳይሆን የሚወድቀው ሰው ድምፅ ስለሌለው ነው። ፎርሙ ያባረረው ሰው በሪፖርት ውስጥ አይገባም። "ይህን ያህል ሰው ተመዘገበ" ይባላል፤ ስንት ሰው ሞክሮ እንደተመለሰ ማን ይቆጥራል?

እንግዲህ እንቁጠረው። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ስልክ በእጃችሁ ያለ፣ ቀጣዩ ፎርም ስማችሁን አልቀበል ሲላችሁ ዝም ብላችሁ ስማችሁን አትቀይሩለት። መጀመሪያ የስክሪኑን ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ላኩ፣ ኮፒውን ለጓደኛ አሳዩ። ዴቨሎፐር የሆናችሁ ደግሞ ነገ ጠዋት የራሳችሁን ፎርም በእናታችሁ ሙሉ ስም ሞክሩት። የምለምናችሁ ይህን ብቻ ነው።

እኔስ? እኔ ከዚያ ወዲህ ሌላ ቦታ ተመዝግቤያለሁ። ቸኩዬ ነበር፤ ቀነ ገደቡ እኩለ ሌሊት ላይ ነበር። ፎርሙ እንደገና ክፍት ቦታውን አልወድም አለኝ። ፎቶ አነሳሁት፤ ከዚያ ግን "ወልደገብርኤል" ብዬ ገጥሜ ላክሁት። አያቴ ስማቸውን ሲጽፉ "ወልደ" ይሉና ብዕራቸውን አንስተው፣ ትንሽ ቆየት ብለው ነበር "ገብርኤል" የሚሉት። ያቺን ክፍተት እኔ ዘጋኋት። እናንተ አትዝጉ።

ቸር ያገናኘን።